ግማሽ ሚሊሜትር ስንት ያስከፍላል?

(ለሳይንስና ለቴክኒክ ትምህርት እጩ መምህራን፦ ስለ ጋዝ ተርባይን ኮምፕሬሰርና ስለ ብሌድ ጫፍ ክፍተት። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በማስተማር ልምምድ ወቅት ከክፍል ኋላ ተቀምጬ የአንድ እጩ መምህር ትምህርት እከታተል ነበር። የዕለቱ ርዕስ የሙቀት ሞተሮች ነበር። እጩ መምህሩ በጥቁር ሰሌዳው ላይ የጋዝ ተርባይን ሥዕል አሳምሮ ነድፎ፣ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ሰይሞ ሲያበቃ፣ «በኮምፕሬሰሩ ውስጥ በሚሽከረከሩት ብሌዶች ጫፍና በውጪው ቀፎ መካከል ትንሽ ክፍተት አለች፤ በዚያች ክፍተት አየር ያመልጣል፤ ስለዚህ ክፍተቷ በጠበበች ቁጥር የኮምፕሬሰሩ ብቃት ይጨምራል» ብሎ አስረዳ። ያለው ሁሉ ትክክል ነው። ወዲያው ከመካከለኛው ረድፍ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ታዲያ ለምን ጨርሰው አይዘጉትም?»

እጩ መምህሩ ጥቂት አመነታና «የሠሩት ኢንጂነሮች ያውቁበታል፤ ደግሞም ለፈተና አይመጣም» አላት። ልጅቷ እጇን አወረደች። እስከ ደወል ድረስ በዚያ ክፍል ሌላ እጅ አልተነሣም።

ከክፍል ወጥተን ስንነጋገር እጩ መምህሩ ራሱ ቅር ብሎት ነበር። «ጥያቄዋ ጥሩ እንደሆነ ገብቶኛል፤ መልሱን ስለማላውቀው ነው የሸሸሁት» አለኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም በዚያች ሰዓት የተሟላ መልስ አልነበረኝም። ሁለታችንም ወደ ቤተ መጻሕፍት ገባን። ይህ ጽሑፍ ያገኘነውን መልስ ለሌሎቻችሁም ለማካፈል የተዘጋጀ ነው። ጥያቄው ነገ በእናንተም ክፍል ሊነሣ ይችላልና።

1. ማሽኑን ባጭሩ

ጋዝ ተርባይን ሦስት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። አንደኛው ኮምፕሬሰር ሲሆን አየር ስቦ ያምቃል፤ ማለትም ግፊቱን ከፍ ያደርጋል። ሁለተኛው ማቃጠያ ክፍል ነው። በታመቀው አየር ውስጥ ነዳጅ ተረጭቶ ይቃጠላል፤ ጋዙም ይግላል። ሦስተኛው ተርባይን ነው። የጋለው ጋዝ በተርባይኑ ብሌዶች ላይ እየነፈሰ ዘንጉን ያሽከረክራል። ኮምፕሬሰሩና ተርባይኑ በአንድ ዘንግ የተያያዙ በመሆናቸው፣ ተርባይኑ ከሚያመነጨው ጉልበት አብዛኛውን መልሶ የሚወስደው ኮምፕሬሰሩ ነው። ለእኛ የሚተርፈው ልዩነቱ ብቻ ነው። ይህ ነጥብ የጽሑፉ ሁሉ መሠረት ስለሆነ አንባቢ ልብ ይበል።

ዛሬ በትልልቅ አውሮፕላኖችና በኃይል ማመንጫዎች የምናገኘው ኮምፕሬሰር አየሩን በዘንጉ አቅጣጫ የሚያሳልፍ ነው። በዲስክ ዙሪያ የተሰካኩ ብሌዶች (የአየር ማራገቢያ ክንፎችን አስቡ) እየተሽከረከሩ አየሩን ወደ ኋላ ይገፉታል። ከእነሱ በስተኋላ ደግሞ የማይንቀሳቀሱ ብሌዶች አሉ፤ አየሩን አስተካክለው ለቀጣዩ ረድፍ ያቀብሉታል። አንዱ ተሽከርካሪ ረድፍና አንዱ ቋሚ ረድፍ በአንድ ላይ «እርከን» ይባላሉ። አንድ እርከን ግፊቱን የሚጨምረው በጥቂቱ ስለሆነ ብዙ እርከኖች ይደረደራሉ። አየሩ ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር እየታመቀ ቦታ ስለማይፈልግ ብሌዶቹም እያጠሩ ይሄዳሉ። ይህንም ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

2. ኮምፕሬሰሩ ቢሰንፍ ምን ይመጣል?

የጋዝ ተርባይን አሳብ ጥንታዊ ነው። ሆኖም ለብዙ ዘመን ሠሪዎቹን ያቃታቸው ነዳጅ ማቃጠሉ ብቻ ሳይሆን ደህና ኮምፕሬሰር ማግኘቱ ነበር። ኮምፕሬሰሩ ሰነፍ ከሆነ ተርባይኑ የሠራውን በሙሉ ይበላዋል። የኖርዌዩ ተወላጅ ኤጊዲዩስ ኤሊንግ በ1903 የሠራት ተርባይን ከራሷ ፍጆታ ተርፎ ለውጭ የሰጠችው ኃይል 11 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር። ያም ሆኖ ትርፍ ማስገኘቷ በራሱ ትልቅ ድል ነበር።

ወደ 1939 እንምጣ። በስዊዘርላንድ አገር ለኑሻቴል ከተማ ብራውን ቦቬሪ የተባለው ኩባንያ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚሆን ጋዝ ተርባይን ሠራ። ፍተሻውን የመሩት በዙሪክ ለረጅም ዘመን ያስተማሩት ፕሮፌሰር አውሬል ስቶዶላ ነበሩ፤ በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው 80 ነበር። የፍተሻው ውጤት ለማስተማሪያ እጅግ የሚመች ነው፦

ተርባይኑ ያመነጨው - 15,400 ኪሎ ዋት
ኮምፕሬሰሩ የወሰደው - 11,400 ኪሎ ዋት
ለጄኔሬተሩ የተረፈው - 4,000 ኪሎ ዋት

አያችሁ? ከአራቱ እጅ ሦስቱን የወሰደው ኮምፕሬሰሩ ነው። አሁን እንቁጠር። የኮምፕሬሰር ብቃት ማለት፣ አየሩን ያለ ምንም ብክነት ለማመቅ የሚያስፈልገው ሥራ በእውነት ለወጣው ሥራ ሲካፈል ነው። ለስሌቱ እንዲመች ብቃቱ 86 በመቶ ነበር ብለን እናስብ። እንግዲያው ያለ ብክነት ይበቃ የነበረው 11,400 × 0.86 = 9,804 ኪሎ ዋት ነው።

ብቃቱ በአንድ ነጥብ ወርዶ 85 በመቶ ቢሆንስ? 9,804 ÷ 0.85 = 11,534። ኮምፕሬሰሩ 134 ኪሎ ዋት ጨምሮ ወሰደ ማለት ነው። የተርባይኑ ሥራ እንዳለ ከቆየ የሚተርፈን 3,866 ኪሎ ዋት ይሆናል። በሁለት ነጥብ ወርዶ 84 በመቶ ቢሆን ደግሞ 9,804 ÷ 0.84 = 11,671፤ የሚተርፈን 3,729 ኪሎ ዋት። እንግዲህ ከኮምፕሬሰሩ ብቃት የጎደለችው አንዲት ነጥብ ከትርፋችን ላይ ከ3 በመቶ በላይ፣ ሁለቷ ደግሞ ወደ 7 በመቶ የሚጠጋ ወሰደች። ዘመናዊ ሞተሮች ከኑሻቴሉ በብዙ ስለሚበልጡ የትርፋቸው ድርሻ ሰፋ ያለ ነው፤ ሕጉ ግን ያው ነው።

ታዲያ ነጥብ የምትጎድለው በምንድነው? በአቧራ፣ በብሌድ መሻከር፣ በመቆልመም፣ በሌላም። ከዋነኞቹ አንዱ ግን ልጅቷ የጠየቀችበት የጫፍ ክፍተት ነው።

3. በጫፉ ላይ የሚሆነው

ብሌድ ሲሽከረከር አየሩን በሚገፋበት ፊቱ በኩል ግፊት ይበዛል፤ በጀርባው በኩል ደግሞ ይቀንሳል። አየር ከበዛበት ወደ ቀነሰበት መሄድ ባሕርይው ነው። በብሌዱ አካል ላይ ማለፊያ የለውም። በጫፉ ላይ ግን ክፍተት አለች፤ ስለዚህ ከፊት ወደ ጀርባ በዚያች ሾልኮ ያመልጣል።

ብዙ ሰው «ጉዳቱ ያመለጠው አየር ብቻ ነው» ብሎ ያስባል። እኔም እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ግን ከዚህ ያልፋል። ጉዳቱ ሦስት ዓይነት ነው።

አንደኛ፣ በጫፉ አካባቢ ያለው የብሌዱ ክፍል አየሩን በሚገባ መግፋት ያቅተዋል። ሁለቱ ወገኖች በክፍተቷ ስለሚገናኙ የግፊት ልዩነቱን ይዞ መቆየት አይችልም።

ሁለተኛ፣ ሾልኮ የወጣው አየር በቀጥታ አይሄድም። ከዋናው ፍሰት ጋር ሲጋጭ ይጠቀለልና አዙሪት ይሆናል። የወንዝ ውኃ ከድንጋይ ጎን ሲያልፍ የሚሠራውን አዙሪት አስቡ። አዙሪቱ ከዋናው ፍሰት ጋር እየተደባለቀ ጉልበቱን ወደ ከንቱ ሙቀት ይለውጠዋል። የብቃት ኪሳራ የምንለው በአብዛኛው ይኸው ነው።

ሦስተኛው የሚያሰጋው ነው። አዙሪቱ በቀፎው አጠገብ ቦታ ይይዛል፤ ለሚያልፈው አየር መንገዱን ያጠብበታል። ክፍተቱ በሰፋ ቁጥር ይህ የተዘጋ ሥፍራ እየሰፋ ሄዶ ኮምፕሬሰሩ ግፊቱን መሸከም ያቅተዋል። በመጨረሻም የታመቀው አየር ወደ ፊት ይመለሳል። ባለሙያዎቹ ይህን «ሰርጅ» ይሉታል። እንደ ተኩስ ያለ ድምፅ ያሰማል፤ ሞተሩን ይንጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ከፊትና ከኋላ የእሳት ነበልባል ይታያል። በመነሣት ላይ ላለ አውሮፕላን ይህ የነዳጅ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

4. ሚሊሜትሩ ብቻውን አይናገርም

ክፍተቱን በሚሊሜትር ብቻ ማወቅ አይበቃም። ከብሌዱ ቁመት ጋር መመዛዘን አለበት። ባለሙያዎች የሚሠሩበት ግምታዊ ደንብ እንዲህ ይላል፦ ክፍተቱ ከብሌዱ ቁመት 1 በመቶ ያህል በጨመረ ቁጥር የእርከኑ ብቃት ከ1 እስከ 2 ነጥብ ይቀንሳል።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ነገር እንመለስ። ለምሳሌ ያህል የፊተኛው እርከን ብሌድ 200 ሚሊሜትር፣ የኋለኛው 20 ሚሊሜትር ቁመት አላቸው እንበል። ለሁለቱም ክፍተቱ 0.5 ሚሊሜትር ነው። ለፊተኛው 0.5 ÷ 200 = 0.25 በመቶ ነው፤ ብዙም አያስጨንቅም። ለኋለኛው ግን 0.5 ÷ 20 = 2.5 በመቶ ይሆናል። ያችው ግማሽ ሚሊሜትር በኋለኛው እርከን ላይ አሥር እጥፍ ትከብዳለች ማለት ነው። ሞተር ሠሪዎች ኮምፕሬሰሩ ይበልጥ እንዲያምቅ በፈለጉ ቁጥር የኋለኞቹ ብሌዶች ይበልጥ ያጥራሉ፤ የክፍተቱም ጣጣ እየከፋ ይሄዳል።

5. ታዲያ ለምን ጨርሰው አይዘጉትም?

ወደ ልጅቷ ጥያቄ ደረስን። ባጭሩ መልሱ፦ ማሽኑ ቆሞ ሳለ የነበረው ልክና እየሠራ ሳለ ያለው ልክ አንድ ስላልሆነ ነው። በቶርኖ ላይ ተስተካክሎ የተላጠ ብረት በሥራ ላይ ይለጠጣል፤ ይሰፋል፤ ይጎብጣል።

ሀ/ በሽክርክሪት ይለጠጣል። የብሌዱ ጫፍ ከዘንጉ መካከል 0.25 ሜትር ቢርቅና በሰከንድ 350 ሜትር ቢፈጥን፣ ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ለርቀቱ ሲካፈል 490,000 ሜትር በሰከንድ ካሬ ይሆናል። ይህም ከመሬት ስበት 50,000 ጊዜ ይበልጣል። በዚያ ሥፍራ ያለች 50 ግራም ብሌድ ዲስኩን የምትስበው 25 ኩንታል የተንጠለጠለባት ያህል ነው። እንዲህ የተሳበ ብረት ሳይለጠጥ አይቀርም።

ለ/ በሙቀት ይሰፋል። ብረት በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሲየስ በርዝመቱ 0.000012 ያህል ይጨምራል። ዲስኩና ቀፎው እኩል ቢግሉ አብረው ይሰፋሉና ጣጣ አይኖርም ነበር። ነገር ግን ቀፎው ስስ፣ ዲስኩ ደግሞ ወፍራም ነው። በማጀት ስሱ ድስት ቶሎ ሲግል ወፍራሙ ምጣድ የሚዘገየው በዚሁ ምክንያት ነው። የአየሩ ሙቀት ሲጨምር ቀፎው ፈጥኖ ይሰፋል፤ ክፍተቱም ይከፈታል። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ዲስኩ ይደርስበታል፤ ክፍተቱም ይጠባል። የሁለቱ የሙቀት ልዩነት 100 ዲግሪ ቢሆን፣ ለ250 ሚሊሜትር ርቀት 250 × 0.000012 × 100 = 0.3 ሚሊሜትር ልዩነት ይመጣል። ጠቅላላ ክፍተታችን ግማሽ ሚሊሜትር መሆኑን አትርሱ!

ይበልጥ የሚያስፈራው ደግሞ ይኼ ነው። አብራሪው ለጥቂት ጊዜ ኃይል ሲቀንስ ቀፎው ቶሎ ይቀዘቅዝና ይሸበሸባል። ዲስኩ ግን ገና ትኩስና የሰፋ ነው። በዚያው ቅጽበት በድንገት ሙሉ ኃይል ቢጠየቅ፣ ብሌዶቹም በሽክርክሪት ይለጠጡና ክፍተቱ እጅግ ጠባብ ይሆናል። ክፍተቱ አስቀድሞ የሚወሰነው ለዚህ ክፉ ቅጽበት ታስቦ ነው። ለተቀረው ረጅም በረራ ግን ከሚያስፈልገው በላይ ሰፊ ሆኖ ይኖራል።

ሐ/ ይጎብጣል። ሞተሩ አውሮፕላኑን ሲገፋ ቀፎው ራሱ ይጨነቃል። ከባድ መሬት ሲነካ ወይም አየሩ ሲናወጥ ዘንጉ በኩሽኔታዎቹ መካከል ይወዛወዛል።

ለዚህ የታወቀ ምሳሌ አለ። ቦይንግ 747 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በፌብሩዋሪ 9፣ 1969 ነው። የተገጠመለት ሞተር የፕራት ኤንድ ዊትኒ ጄቲ9ዲ ነበር። በፍተሻው ወቅት ሞተሩ በኃይል ሲገፋ ክቡ ቀፎ ተጨንቆ እንደ እንቁላል ሞላላ መሆን ጀመረ። እንግዲህ ክብ ነገር በሞላላ ውስጥ ሲሽከረከር በሁለት ወገን ይፈትጋል፤ በሁለት ወገን ደግሞ ይላላል። ችግሩ የከፋው በተርባይኑ በኩል ነበር፤ ትምህርቱ ግን ለኮምፕሬሰሩም ያው ነው። ብሌዶቹ ተፋተጉ፤ የነዳጁ ፍጆታም ጨመረ። ተሠርተው ያለቁ አውሮፕላኖች ሞተር አጥተው በኤቨረት ፋብሪካ ግቢ ቆሙ። በሞተሩ ፈንታ ሚዛን እንዲጠብቅ ከክንፎቻቸው ሥር የኮንክሪት ብሎክ ተንጠለጠለላቸው። መፍትሔው ሞተሩ ግፊቱን ለአውሮፕላኑ የሚያስተላልፍበትን ማሰሪያ መለወጥ ሆነ። ኃይሉን በአንድ ነጥብ ከማሳረፍ ይልቅ ባለ ሁለት ቅርንጫፍ ድጋፍ ተሠርቶለት ጭነቱ ተከፋፈለ።

መፋተግ ለምን ይፈራል? ብሌዱን ያሳጥራል፤ ቀፎውን ይፍቃል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተፋተገ ማሽን ከዚያ በኋላ ለዘለቄታው ክፍተቱ ሰፊ ነው። ከሁሉም በላይ ማጥበብ የፈለገ ሰው በመጨረሻ ከሁሉም የሰፋ ክፍተት ይገጥመዋል ማለት ነው። በቲታንየም ብሌዶች ላይ ደግሞ ብርቱ ፍትጊያ እሳት እስከ ማስነሣት ሊደርስ ይችላል።

ይህን ለተማሪዎቻችን በወፍጮ ልንመስለው እንችላለን። ባለወፍጮው ሁለቱን ድንጋዮች አራርቆ ቢተው እህሉ ሳይደቅ ያልፋል። አጥብቆ ቢያገናኛቸው ደግሞ ድንጋይ ከድንጋይ ይፋጫል፤ ዱቄቱ ይቃጠላል፤ ድንጋዩም ያልቃል። ሙያው ያለው ልኩን በማወቁ ላይ ነው።

6. ምን ዘዴ ተገኘ?

የመጀመሪያው ዘዴ «ከተፋተጉ ይፋተጉ፤ ግን የሚያልቀው የሚለወጠው ይሁን» የሚል ነው። በቀፎው የውስጥ ገጽ ላይ፣ በብሌዶቹ ጫፍ ትይዩ፣ ለስላሳና በቀላሉ የሚፋቅ ሽፋን ይቀባል። ከአሉሚንየምና ከሲሊኮን ከፕላስቲክ ጋር ተደባልቆ፣ ወይም ሙቀቱ በርታ በሚልበት ሥፍራ ከኒኬልና ከግራፋይት ይሠራል። ብሌዱ ቢነካው ቦዩን ለራሱ ይቆፍራል፤ እሱ ግን አይጎዳም። በጥገና ጊዜ የተፋቀው ሽፋን ተነሥቶ አዲስ ይቀባል።

ሁለተኛው ዘዴ ቀፎውን ማዘዝ ነው። አውሮፕላኑ በከፍታ በተረጋጋ ጉዞ ላይ ሲሆን ቀዝቃዛ አየር በቀፎው ላይ እንዲነፍስ ይደረጋል። ቀፎው ይሸበሸባል፤ ክፍተቱም ይጠባል። ይህ ዘዴ በይበልጥ የሚሠራበት በተርባይኑ በኩል ሲሆን፣ ዛሬ በብዙ የመንገደኛ አውሮፕላን ሞተሮች ላይ የተለመደ ነው። በመነሣት ጊዜ ግን ክፍተቱ ላላ እንዲል ይተዋል።

ሦስተኛው የቁሳቁስ ምርጫ ነው። በሙቀት የመስፋት ጠባዩ አነስተኛ የሆነ ብረት ለቀፎው ይመረጣል። አራተኛው ደግሞ በቀፎው ላይ ከብሌዶቹ ጫፍ ትይዩ ቦዮች መቅረጽ ነው። ቦዮቹ በጫፉ አካባቢ የተዳከመውን ፍሰት ስለሚያነቃቁ የሰርጅን አደጋ ያርቃሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን ከብቃቱ ጥቂት ያስከፍላሉ። እንግዲህ በምሕንድስና ያለ ዋጋ የሚገኝ ነገር እንደሌለ ከዚህ እንረዳለን።

7. ሞተር ሲያረጅ

አዲስ ሞተር የጠበበ ክፍተት ይዞ ይወጣል። ከዚያ በበረራ ብዛት ጥቂት በጥቂት ይፋተጋል፤ አቧራና አሸዋም የብሌዶቹን ጫፍ ይበላል። በ1973 የነዳጅ ዋጋ በዓለም ሲንር ሞተሮች ለምን እያደር ነዳጅ እንደሚያበዙ አጥብቆ መመርመር ግድ ሆነ። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ከሞተር ሠሪዎች ጋር ሆኖ ያገለገሉ ሞተሮችን አስመረመረ። ከታወቁት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ የጫፍ ክፍተት መስፋት ሆኖ ተገኘ።

ይህ በተግባር እንዴት ይታወቃል? ኮምፕሬሰሩ ሲሰንፍ፣ ያንኑ ግፊት ለማግኘት ተጨማሪ ነዳጅ መቃጠል አለበት። ስለዚህ የሚወጣው ጋዝ ሙቀት ይጨምራል። ለእያንዳንዱ ሞተር የማይታለፍ የሙቀት ወሰን አለ። ከዚያ ወሰን በታች የቀረችው ትርፍ የሞተሩ የጤና መለኪያ ናት። ትርፏ ስታልቅ ሞተሩ ወርዶ ወደ ጥገና ይላካል።

ጉዳዩ ከአገራችን የራቀ እንዳይመስላችሁ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዎቹን ጄቶች፣ ቦይንግ 720ቢ፣ የተረከበው በ1962 መጨረሻ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ሞተሩ በአንድ ሰከንድ የሚስበው የአየር ክብደት አነስተኛ ስለሆነ ግፊቱም ይቀንሳል። እንዲህ ባለ ቦታ በሙሉ ጭነት ለሚነሣ አውሮፕላን ከኮምፕሬሰሩ የምትጎድል እያንዳንዷ ነጥብ ትታወቃለች።

8. ለክፍል የሚሆን

ጋዝ ተርባይን በትምህርት ቤት አይገኝም። የብስክሌት ጎማ መንፊያ ግን የትም አለ። ሁለት መንፊያ አምጡ፦ የአንዱ የውስጥ ቆዳ ደህና፣ የሌላው ያለቀ ይሁን። ተማሪዎቹ ተራ በተራ የመውጫውን ቀዳዳ በጣታቸው ይዘው ይጫኑ። ባለቀው ቆዳ በኩል አየር ወደ ኋላ ሲሾልክ በእጃቸው ይሰማቸዋል። ከዚያም አንድ ጎማ ለመንፋት እያንዳንዱ ስንት ጊዜ መገፋት እንዳለበት ይቁጠሩ። ቀጥላችሁ ልዩነቱን ንገሯቸው፦ የመንፊያው ቆዳ ግድግዳውን እየነካ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ የኮምፕሬሰር ብሌድ ግን በሰከንድ መቶዎች ሜትር ስለሚፈጥን መንካት አይችልም። ምሳሌያችን እስከምን ድረስ እንደሚያገለግልና የት ላይ እንደሚያበቃ መናገር የመምህር ግዴታ ነው።

ለመልመጃ የሚሆኑ ጥያቄዎች፦

አንደኛ፦ የብሌዱ ቁመት 25 ሚሊሜትር፣ ክፍተቱ 0.4 ሚሊሜትር ነው። ክፍተቱ ከቁመቱ ስንት በመቶ ነው? (መልስ፦ 1.6 በመቶ)

ሁለተኛ፦ ይኸው ክፍተት በፍትጊያ ወደ 0.65 ሚሊሜትር ቢሰፋ፣ የእርከኑ ብቃት በግምት በስንት ነጥብ ይወርዳል? (መልስ፦ ወደ 2.6 በመቶ ስለሚደርስ ጭማሪው 1 በመቶ ነው፤ ብቃቱ ከ1 እስከ 2 ነጥብ ይወርዳል)

ሦስተኛ፦ ከዘንጉ መካከል እስከ ቀፎው 300 ሚሊሜትር ነው። ዲስኩ ከቀፎው በ50 ዲግሪ ቢበልጥ ክፍተቱ በስንት ይጠባል? (መልስ፦ 300 × 0.000012 × 50 = 0.18 ሚሊሜትር)

9. መዝጊያ

እጩ መምህሩ በሚቀጥለው ሳምንት ወደዚያው ክፍል ተመለሰ። እኔም የተለመደው ቦታዬ ተቀመጥኩ። ትምህርቱን የጀመረው እንዲህ ብሎ ነው፦ «ባለፈው የተጠየቅሁትን አላውቀውም ነበር። አላውቅም ማለት ሲገባኝ ለፈተና አይመጣም አልኩ። ጥያቄው ግን ከትምህርቱ ሁሉ የሚበልጠው ነበር።» ከዚያም የወፍጮውን ምሳሌ አመጣ፤ መንፊያዎቹን አሳየ፤ የ0.3 ሚሊሜትሩንም ስሌት በሰሌዳው ላይ ሠራ። ተማሪዎቹ ከሱ ቀድመው ቆጠሩት።

ሲያበቃ ያችው ልጅ እንደገና እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ሞተሩ ተዘግቶ እየተሽከረከረ ሳለ ክፍተቱ መጥበቡንና መስፋቱን በምን ያዩታል?»

በዚህ ጊዜ መልሱን ያውቅ ነበር። በቀፎው ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ መለኪያ ይቀበራል፤ ብሌዱ በፊቱ ባለፈ ቁጥር በሁለቱ መካከል ያለው የኤሌክትሪክ እቅበት ይለዋወጣል፤ ከለውጡም ርቀቱ ይታወቃል ብሎ አስረዳት። ባያውቀው ኖሮ ምን ይላት እንደነበር ግን ከፊቱ ይነበብ ነበር፦ «አላውቀውም፤ አብረን እንፈልገው።» ከዚያ በኋላ በክፍሉ ስድስት እጆች ሲነሡ ቆጠርኩ።